«ቀንስ» የሚል ሰው

አያ ዘሩ ጉማሬን ከበሬ ጋር ጠምዶ ያረሰ ሰው ነው። ከጣራ ገዳም ሥር እስከ ጣና ዳር ይህን የማያውቅ የለም፤ ለሁሉም የነገረው ደግሞ ራሱ ነው። በሬ ባለቀበት ክፉ ዘመን ከሐይቁ የወጣ ጉማሬ ይዞ፣ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ፣ በአንድ ጧት አራት ጥማድ መሬት ገለበጠ። ጉማሬው ታዲያ ከምሳ በኋላ ውሃ ውስጥ ካልተጋደምሁ ብሎ አስቸገረ፤ ልክ እንደ መንግሥት ሠራተኛ። ወሬው እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ከጓዳ ድምፅ ይመጣ ነበር።

«ቀንስ!»

ሚስቱ ጥሩብርሃን ናት። ውሸታም ብላው አታውቅም። «ቀንስ» ብቻ ነው የምትለው፣ ገበያ ላይ እንደሚከራከር ሰው።

«እሺ፣ ሁለት ጥማድ።»

«ቀንስ!»

«እሺ፣ ጉማሬው ገና ግልገል ነበር።»

«አሁንም ቀንስ!»

«እሺ በቃ፣ ጉማሬውን ያየሁት ከሩቅ ነው!»

ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሰው ከውሸቱ ይልቅ ቅነሳውን ነበር የሚጠብቀው። ዘሩም ቢሆን ወሬውን ሲቆልል እሷ የምታፈርሰውን ያህል አስቦ ነው የሚቆልለው፤ ሸማኔ ጨርቁ ከታጠበ በኋላ የሚያጥረውን አስቦ ጋቢ እንደሚሠራው ማለት ነው።

አንዲት ወሬ ብቻ ነበረች ጥሩብርሃን ቀንስ ያላለችባት። «ሩዝ ፎገራ ሲገባ እኔ የሁለት ልጅ አባት ነበርሁ» ይላል ዘሩ። «ትንሹ ልጄ ሩዙን ሳህን ላይ ሲያየው፣ ‹አባዬ፣ ትሉ ይንቀሳቀሳል!› ብሎ እሪ አለ።» ሰው ይስቃል። ከጓዳ ግን ምንም አይመጣም።

እውነቱ እንዲህ ነው። ሩዝ ፎገራ ሲገባ ዘሩ የአስራ አራት ዓመት ጥጃ ጠባቂ ነበር። ጥሩብርሃንን ያገባው ከዚያ በኋላ ነው። እሷም ሁለት ጊዜ ወለደች፤ ሁለቱም ክርስትና ሳይነሡ ሄዱ። ሦስተኛ አልመጣም። በዘሩ ወሬ ውስጥ ግን ሁለቱ ልጆች አድገው፣ ሩዝ ፈርተው፣ ሰው ያስቃሉ። ከዚህ ላይ ምኑን ትቀንስ?

መታወቂያ በታደሰበት ዓመት የቀበሌው ጸሐፊ ዕድሜውን ሲጠይቀው ዘሩ ቁጥሩን አላወቀም፤ ይችኑ ወሬ ነገረው። ጸሐፊው እየሳቀ አሰላ። «እንግዲህ ያኔ የሁለት ልጅ አባት ከነበሩ ሠላሳ ዓመት አያንስዎትም» አለ። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ ከኋላው የቆመችውን ጥሩብርሃንን አየ፤ አሁን ትቀንሳለች ብሎ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ውጭ ተመለከተች። ጸሐፊው ሳያውቀው ከእውነተኛው ዕድሜ ላይ አስራ ስድስት ዓመት ጨምሮ ጻፈ። ዘሩም አልከፋው፤ ዕድሜው በሽምግልና ወንበር ላይ ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል።

ጥሩብርሃን ባለፈው ነሐሴ በሦስት ቀን ወባ ሞተች። የተቀበረችው በእናት አባቷ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ጉብታ ላይ ባለችው ማርያም። ያች ጉብታ በበጋ በእግር ይኬድባታል፤ በክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ደሴት ትሆናለች። ሬሳዋን ከፊት በታንኳ የቀዘፈው ዘሩ ራሱ ነው። መቃብሯ ላይ ሰው ሁሉ ምን ይል ይሆን ብሎ ጆሮውን ሲያቆም፣ እሱ ያለው ይህችን ብቻ ነበር፤

«በሙት ዓመትሽ ራሴ ቀዝፌ እመጣለሁ።»

ከዚች ላይ የሚቀነስ አልነበረም።

ታንኳ መከልከሉ የተሰማው ዘንድሮ በሰኔ ነው። ሌላ ቦታ አንዲት ጀልባ ከአቅሟ በላይ ሰው ጭና ተገልብጣ ኖሮ፣ ወረታ ላይ አዲስ ጽሕፈት ቤት ተከፈተ። አንድ ሰው መጥቶ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ደንቡን አነበበ፦ «ማንኛውም በግል የሚነዳ የውሃ ላይ ተሽከርካሪ፣ ሞተር ያለውም የሌለውም፣ ያለ መንጃ ፈቃድ አይነዳም። ነጂው ከአስራ ስምንት ዓመት ያላነሰ፣ ከስድሳ አምስት ዓመት ያልበለጠ ይሆናል።»

ዘሩ እጁን አወጣ። «ጉማሬስ?»

ስብሰባው አውካካ። ሰውዬው ግን ቀልድ አያውቅም። «ጉማሬ ተሽከርካሪ አይደለም። ታንኳ ግን ነው።»

«ታንኳ ምኑ ይሽከረከራል ጌታዬ? ጎማውን አሳየኝ!»

አሁንም ሳቁ። ዘሩም ሳቀ። ዕድሜው የሚያግደው መሆኑ ትዝ ያለው ከስብሰባው ወጥቶ መንገድ ከጀመረ በኋላ ነው። እውነተኛው ዕድሜው ስድሳ ሁለት ነው። ኪሱ ውስጥ ያለው መታወቂያ ሰባ ስምንት ይላል።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በባጃጅ ወረታ ገባ። ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል፤ አንድ ጎረምሳ ሞተር ሳይክል የመሰለ ነገር ላይ ተፈናጥጦ ውሃውን እየሰነጠቀ ይዘላል። ከጠረጴዛው ኋላ ያለችው ማስተዋል የምትባል ልጅ ናት፤ ፊቷ ቅን፣ ማኅተሟ ትልቅ።

«ልጄ፣ ይሄ ደንብ የተጻፈው ለዚህ እግር ለሌለው ፈረስ ነው እንጂ ለደንገል ታንኳ አይደለም» አላት ሥዕሉን እያሳየ።

«አባባ፣ ደንቡ ሞተር ያለውም የሌለውም ይላል።» መታወቂያውን ተቀብላ አየችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሰባ ስምንት ነዎት» አለች።

«ተሳስቶ ነው። አስራ ስድስት ቀንሽለት።»

«እኔ እንዴት እቀንሳለሁ? ሁለት ምስክር ያምጡ።»

በነጋታው ሁለት ምስክር አመጣ። አንደኛው ካሴ ነው፣ የሩዝ ማሳው ከዘሩ ጋር የሚዋሰን፣ አንድ ጾም የማይገድፍ ገበሬ። ሁለተኛው ሸማኔው ዓለምነው ነው፣ ለወዳጅ ሲል ሸማውን ቀርቶ እውነትንም የሚዘረጋ። ዓለምነው ሳይጠየቅ ጀመረ።

«እሱማ ልጅ ነው! አርባ አምስት ቢሆነው ነው።»

«እርስዎስ ስንት ነዎት?» አለች ማስተዋል።

«እኔ ሃምሳ ሦስት።»

«ከሁለታችሁ ማን ይበልጣል?»

«እሱ ነዋ! በልጅነቴ ዋና ያስተማረኝ ማን ሆነና!»

ዘሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ካሴ ተጠራ፤ ቀኝ እጁን አንሥቶ ማለ።

«እንግዲህ እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ፣ ሩዝ ሲገባ የሁለት ልጅ አባት ነበርሁ ብሎኛል። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሃያ ጊዜ።»

«አንተ ካሴ! ሲወራ የሚወራ መሆኑን አታውቅም?»

«እኔ የማውቀው ያልኸውን ነው፤ ስትወለድ አልነበርሁ። ያኔ ነው የዋሸኸው ወይስ ዛሬ?»

«ሩዝ ሲገባ ጥጃ ጠባቂ ነበርሁ። አስራ አራት ዓመቴ።»

«ይኸው! ዛሬ ነው የዋሸኸው» አለ ካሴ በኀዘን፣ ወደ ማስተዋልም ዞሮ፣ «እህቴ፣ ይህ ሰው ጉማሬም ጠምጃለሁ ይላል» አላት።

ዘሩ ዕድሜ ልኩን ውሸቱን ሲነግር ሰው እየሳቀ ያምነው ነበር፤ ዛሬ አንዲት እውነት ቢያወጣ የሚገዛት አጣ። ሳያስበው አንገቱ ወደ ኋላ ዞረ፣ ወደ በሩ። ከዚያ በኩል አንድ ቃል ብትመጣ ነገሩ ሁሉ ባለቀ ነበር። በሩ ላይ የቆመ ሰው አልነበረም።

ማስተዋል አዘነችለት። ወረቀት አውጥታ በእጇ ጻፈች። «አንድ መንገድ አለ አባባ። ዕድሜው የተሰላው በልጆቹ ነው አይደል? ቀድሞ የተናገሩትን ሐሰት ነው ካሉ ተነሥቶ ይስተካከላል። ላንብብልዎ፦ ‹እኔ አቶ ዘሩ፣ የሁለት ልጆች አባት ነበርሁ ብዬ የተናገርሁት ሐሰት መሆኑንና ልጆች ያልነበሩኝ መሆኑን አረጋግጣለሁ።› እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

እስክሪብቶውን ያዘ። አንዲት ፊርማ ናት፤ ከፈረመ ታንኳው ይሄድለታል፣ ቃሉም ይሞላለታል። ዘሩ ወረቀቱን ትኩር ብሎ አየው። ማንበብ ብዙ አይሆንለትም፤ «ልጆች ያልነበሩኝ» የሚለው ግን የት ላይ እንዳለ ልቡ አወቀው። እሷ አርባ ዓመት ሙሉ ሁሉን ስትቀንስ ይችን አልነካችም። ያችን ዕለት በሰልፉ ፊት ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ውጭ አየች እንጂ አልነካችም። ታዲያ እሱ አሁን፣ ወደ እሷ ለመሄድ ብሎ፣ ሁለቱን ይሰርዛቸው?

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይቅር ልጄ። ሰባ ስምንት ነኝ።»

«አባባ፣ አሁን ሰባ ስምንት አይደለሁም ሲሉ…»

«ካሴ ምሏል እኮ። ካሴ ደግሞ አይዋሽም።»

ወጥተው እየሄዱ ካሴ ቀስ ብሎ ቀረበው። «አያ ዘሩ፣ በደልሁህ ይሆን?»

«የለም። አንተስ ልጆቼን መሰከርህልኝ» አለው ዘሩ።

በዚያው ሳምንት ፈቃድ የሌላቸው ታንኳዎች ተሰበሰቡ። ጠባቂው ከደጋ የመጣ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው፤ የሽማግሌ ንብረት ጭቃ ላይ አይወድቅም ብሎ የዘሩን ታንኳ ውሃው ላይ አጥብቆ አሰረለት። ማንም ያልነገረው፣ ደንገል ከውሃ ወጥቶ፣ ቆሞ፣ ፀሐይ ካልመታው ውሃ ጠጥቶ ይሰምጣል። በስምንተኛው ቀን ዘሩ ሊያየው ቢሄድ ከውሃው በላይ የቀረው የታንኳው ሹል አፍንጫ ብቻ ነበር።

«በደንብ ነው የጠበቅሁልዎ አባ» አለው ልጁ።

«እግዚአብሔር ይስጥህ» አለው ዘሩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ ታንኳው ዓሣ ሊጠይቅ ወርዶ ነው ይለው ነበር።

የሙት ዓመቷ ዕለት ተሳፋሪ ሆኖ ሄደ። ጀልባው ፕላስቲክ ነው፣ ሞተር ያለው። ነጂው ቻላቸው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው፤ መንጃ ፈቃዱን በአንገቱ አንጠልጥሏል። ለዘሩ ብርቱካናማ የሚንሳፈፍ ሰደርያ አልብሶ ክሩን እንደ ሕፃን አሠረለት፤ መዝገቡንም ገለጠ።

«ዕድሜ?»

«ሰባ ስምንት።»

«የሚሄዱበት ምክንያት?»

ዘሩ ጧፉን አሳየው። ቻላቸው አንገቱን ደፍቶ ሞተሩን አስነሣ።

ውሃው ሜዳውን ሁሉ እኩል አልብሶታል፤ መንገዱም ማሳውም አንድ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሩ ሣር ነከሰና ቆመ። ቻላቸው ከፈታው በኋላ ወደ ግራ ቢያይ ውሃ፣ ወደ ቀኝ ቢያይ ውሃ። ፈቃዱን በጣቱ ያሻሻል።

«ያች ሾላ ትታይሃለች?» አለ ዘሩ በመጨረሻ። «በግራዋ ያዝ። አሁን ከሥራችን ያለው የካሴ ማሳ ነው፤ ድንበሩ ላይ ድንጋይ አለበት፣ ቀስ በል። እንዲህ። አሁን ወደ ቀኝ። ከዚህ ወዲያ ቦይ ነው፣ ልቀቀው።»

«አባባ፣ ውሃ ውስጥ ያለውን እንዴት አዩት?»

«ጉማሬው ነግሮኝ ነው» አለ ዘሩ። ልጁ ሳቀ። ዘሩ የሚቀንስለትን ትንሽ ጠበቀና ፊቱን ወደ ውሃው መለሰ።

ጉብታው ላይ ሲደርሱ ቻላቸው ጀልባው ጋ ቀረ። ዘሩ ብቻውን ወጣ። ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው ሲሄዱ፣ ጧፉን መቃብሯ ራስጌ ተክሎ ከጎኑ ተቀመጠ።

«ጥሩዬ፣ እንዳልሁሽ መጣሁ» አለ። «ራሴ ቀዝፌ። ማዕበሉ የቤት ጣሪያ ያህል ነበር፤ በአንድ እጄ ነው የቀዘፍሁት።»

ወዲያው ደረቱን አየ። ብርቱካናማው ሰደርያ እንደ ታሰረ ነው። ጥፋት ሲሠራ እንደ ተያዘ ልጅ ተጣድፎ ፈታውና ከጀርባው ደበቀው። ከዚያ ጠበቀ። ነፋሱ ጧፉን ያወዛውዛል። ከታች ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ዝም አለ። ቀንስ የሚል የለም።

«እሺ» አለ ራሱ፣ ብዙ ቆይቶ። «ማዕበል አልነበረም።»

ከጧፉ የወረደውን ሰም በጣቱ ጠረገ።

«እሺ፣ በታንኳዬም አልመጣሁ። ታንኳዬ ጠጥታ ቀረች። ሰው ነው ያመጣኝ።»

እጁን በአፈሩ ላይ ዘርግቶ አሳረፈው።

«መንገዱን ግን እኔ ነኝ የመራሁት፤ ይችን አትቀንሽብኝ። ልጆቹንም… ልጆቹንም አልቀነስኋቸው።»