ለሳሚራ የተጻፈ

መቅደላን የወለድኳት እኔ ነኝ፤ ሳሚራን ግን የወለዳት ደላላ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ዓረብ አገር ስትሄድ «የሙስሊም ስም ካልያዘች ቶሎ አይሳካም» ብሎ ፓስፖርቷ ላይ ሳሚራ አስባላት። በዚያ ስም ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ፣ የሰው ልጅ አሳድጋ፣ አምና ከስታ መጣችልኝ። እኔም ሳሚራ ከዛሬ ጀምሮ ሞታለች አልኩ።

ወዲያው ወልድያ ቋንቋ ከሚያስተምሩበት ቤት የቅዳሜ እንግሊዝኛ አስመዘገብኳት። ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ማዕከል የምትሠራው የእህቴ ልጅ፣ እንግሊዝኛ ካላት እዚህ አካባቢ ሥራ አታጣም ብላኛለች። እዚሁ ቅርብ፣ ዓይኔ ሥር። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ ስትወጣ፣ እኔ መርሳ ከተማ አስፋልቱ ዳር ማንጎዬን እየቸረቸርኩ እመርቃታለሁ። ለካ ወልድያ የሚባል ቦታ ደርሳም አታውቅ! ምስጢሩን ያወጣችው ጎረቤቴ ዘሀራ ናት።

«አማከለች፣ ልጅሽ ጎበዝ ናት እኮ። እኛ በረንዳ ላይ ከሕፃናቱ ጋር ቁጭ ብላ አሊፍ ባ እያለች የዓረብ ፊደል ትቆጥራለች» አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

ባሏ ሼህ ጀብሪል ለሰፈሩ ልጆች ቁርአን የሚያቀሩ ሰው ናቸው። ደሜ ፈላ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ዓረብኛ የሚማር ሰው ወዴት ሊሄድ ነው? «ማንጎውን ጠብቂልኝ» ብያት ገሰገስኩ።

ልጄ ከእነዚያ ትንንሽ ልጆች መካከል እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«ሼህ ጀብሪል፣ አንቱን እንደ አባቴ ነው የማከብረው» አልኩ። «ልጄን ዳግመኛ ሊያስወስዱብኝ ነው?»

«እማዬ፣ የትም አልሄድም» አለች መቅደላ።

«ታዲያ ምን ያደርግልሻል? ዓረብኛውን እንደሆን እንደ ውኃ ትናገሪዋለሽ።»

«መናገሩን ነው እንጂ ማንበቡን አላውቅም።»

ስልኳን አወጣች። ያሳደገችው ልጅ፣ ሚስባህ፣ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቶ መጻፍ ለምዷል። ድምፅዋን ሲሰማ እያለቀሰ ስላስቸገረ እናቱ ስልክ ከልክላው፣ መጻፍ ብቻ ፈቅዳለታለች። አራት ጊዜ ጽፎላታል።

«ለሌላ ሰው ማስነበብ አልፈለግሁም። በራሴ ዓይን ላነበው ነው» አለች።

አልዋሽም፣ ቀናሁ። እኔ ስድስት ዓመት የተራብኳትን ልጅ እሱ ጠግቧታል። ምላሴ ደግሞ አያርፍም፤ «እስቲ ይነበብና ልስማው» አልኩ። መቅደላ ጥቂት አመነታችና የመጨረሻውን መልእክት ከፍታ ለሼሁ ሰጠቻቸው።

መነጽራቸውን አድርገው እየተረጎሙ አነበቡልን። «ሳሚራ፣ የፊት ጥርሴ ወለቀ። ድመታችን ወለደች...» ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ምነው?» አልኩ።

«ይሄኛው ዓረብኛ አይደለም። ፊደሉ የዓረብ ነው፣ ቃሉ አማርኛ። እኛም የአማርኛ መንዙማ የምንጽፈው እንዲህ ነው» አሉና ቀስ ብለው አነበቡ።

«የማንጎ ጥላዬ፣ ነፋስ አይንካሽ፤
እናትሽ አለች፣ ምን ያስፈራሽ።»

ይህን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ መቅደላ በሕፃንነቷ ኩፍኝ ይዟት፣ ጓሮ ማንጎው ሥር ሳስተኛት። ከሁለታችን በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ለካ ለወንዱ ልጅ እንኳ «አይንካህ» ብላ ሳትለውጥ፣ እኔ ባልኩበት አፍ ስትለው ኖራለች። እኔ ልጄን እዚህ ሳለቅስላት፣ እሷ እዚያ በእኔ ዜማ የሰው ልጅ ታስተኛ ነበር።

«ከሥሩስ ምን ይላል?» አልኩ እንደምንም።

«‹አሁን አንቺን ማን ያስተኛሻል?› ይላል» አሉ ሼህ ጀብሪል።

መቅደላ አቀርቅራ ታለቅሳለች። እንባዋን በነጠላዬ ጠረግሁላት።

«ጻፊለት» አልኳት። «‹እናቴ› በይው።»

እርሳሷን አንስታ፣ ሼሁ ጣታቸውን እያስከተሉ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። ስትጨርስ ፎቶ አንስታ ልትልክለት ነው። ቀና ብላ አየችኝ።

«ከታች ሳሚራ ብለሽ ፈርሚ» አልኳት፤ ማንጎዬን ዘሀራ እየጠበቀችልኝ ስለሆነ፣ እስክትጨርስ ከሕፃናቱ አጠገብ ተቀመጥኩ።