ሞተሩ እስኪበርድ

«በረዶ አልቋል» አሉ አጎት ሆሊስ ባዶውን ባልዲ እያሳዩ። «ሰው ሲያለቅስ እንዲህ እንደሚጠማው አላውቅም ነበር።»

ቨርነን ማንም ሳይቀድመው ብድግ አለ። ከሟች ወንድሙ ከሮስኮ ቤት ለመውጣት ሰበብ ሲፈልግ ነበር የዋለው። የፍሊንት ከተማ ሰው ለቅሶ ቤት ባዶ እጁን አይመጣም፤ ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ ዶሮ፣ ማካሮኒ በቺዝና የጣፋጭ ድንች ኬክ ቦታ ተጣብበዋል። የሮስኮ ሚስት ኤርሊን ግን የሰው ምግብ አላመነችም፤ ጎመኗን ራሷ ትቀቅላለች። ቁጭ በይ ሲሏት «ቁጭ ካልኩ አልነሳም» ትላለች። ቀና ብላ ባየችው ቁጥር ቨርነን ዓይኑን ሰበር ያደርጋል።

ምክንያቱን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከሆስፒታል ደውላ «ቨርነን፣ ሮስኮ አረፈ» ስትለው ከአፉ የወጣው «መኪናዋስ?» የሚል ቃል ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለምን እንዲያ እንዳለ አላውቅም ብሎ ራሱን ሊያታልል ሞከረ፤ ግን ያውቀዋል፤ ያሳፈረውም ማወቁ ነው። ኤርሊን «ጋራዥ ውስጥ ናት። እሱን የወሰደው አምቡላንስ ነው» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ አላነሳችበትም። ብታነሳበት ይሻለው ነበር።

የሮስኮን መኪና ሊመርጡ ወንድማማቾቹ የሄዱት አብረው ነበር፤ ያኔ ጎረምሶች ናቸው። ቨርነን ቀይ ባለ ስምንት ሲሊንደር አይቶ ልቡ ጠፋ። ሮስኮ ግን ጥግ የቆመችውን ጥቁር ቡዊክ ሁለት ጊዜ ዞራት፤ ከዚያ የእሁድ ሱሪውን ለብሶ አስፋልቱ ላይ ተንጋለለና ከሥሯ ማየት ጀመረ።

«ስድስት ሲሊንደር?» አለ ቨርነን። «ለእማዬ ቤተ ክርስቲያን መሄጃ ነው?»

«ቱርቦ አላት።»

«ቱርቦ የሰነፍ ሞተር ምርኩዝ ነው።»

«ይሁና። በምርኩዝ ስትቀደም ታየዋለህ።»

አየውም። ሮስኮ ግን አልቸኮለም፤ ሚስት ሲመርጥም እንደዚያው ነበር። መጀመሪያ የነዳጅ ፓምፑን በጠንካራ ቀየረ። ቀጥሎ ቱርቦው ጨምቆ የሚልከውን አየር የሚያበርደውን ራዲያተር በትልቅ ለወጠው። ቱርቦውን ራሱን የነካው በመጨረሻ ነው። ቨርነን አጠገቡ ቆሞ «ግፊቱን ጨምረው እንጂ» ሲለው «ነዳጁ ሳይደርስ አየሩን ካበዛህ ፒስተኑን ታቀልጠዋለህ» ይለዋል። ከውጭ አንዲት ነገር አልተለወጠችም። ቀይ መብራት ላይ ሞተራቸውን እያስጮሁ የሚፎክሩ ሁሉ አረንጓዴ ሲበራ የኋላ መብራቷን ብቻ ያዩ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ አዋሰው። ቨርነን ሲያስጋልባት ውሎ መጣና እንዳቆማት ቁልፉን ነቀለ። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱም መዞሩን ያቆማል፤ እንደ ፍም የጋለው ቱርቦ ውስጡ ያለው ዘይት አርሮ ተበላሸ። ሮስኮ አልጮኸበትም። «ሮጦ የመጣ ሰው መጀመሪያ ይተነፍሳል» አለው። ቁልፉን ግን ዳግመኛ አልሰጠውም። እሱ ራሱ ከሥራ ሲመጣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ሬድዮ ላይ የተጀመረው ዘፈን እስኪያልቅ ጓሮው ውስጥ ይቀመጣል። «ደወል አያስፈልገኝም» እያለ ይቀልድ ነበር፤ «ኤርሊን ድምፁን ስትሰማ ራት ታወጣለች።» ከዘገየም ሳህኑ በፎይል ተሸፍኖ ኦቭን ውስጥ ይጠብቀዋል።

አሁን ቨርነን በረዶ ሊገዛ ሲወጣ የራሱን ፒካፕ ለለቅሶ የመጡት ዲያቆን መኪና ዘግቶታል። «ዲያቆን፣ መኪናዎን ያንሱልኝ» ማለት የአንድ ቃል ሥራ ነበር። አላለም። ጋራዡ በጓሮ በኩል መውጫ አለው፤ የቡዊኳ ቁልፍም እንደ ድሮው ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

በረዶውን ገዝቶ ሲመለስ ሰፊው መንገድ ላይ ነዳጁን ረገጠላት። መጀመሪያ እንዳልሰማ ሰው ዝም አለች። ከዚያ ቱርቦው ማፏጨት ጀመረና ከወንበሩ ጋር አጣበቀችው። ቨርነን ሳቀ። ወንድሙ ሳይቀበር፣ በወንድሙ መኪና ውስጥ ጮክ ብሎ ሳቀ። መብራት ላይ ሲቆም በመስታወቱ ፊቱን አየና እንዲህ ያለውን ሰው አላውቀውም ለማለት ፈለገ።

ጓሮው ሲደርስ እጁ ወደ ቁልፉ ሄደ፤ ተመለሰ። ይህችን እንኳ ላክብርለት ብሎ ሬድዮ ላይ ያለው ዘፈን እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ አጠፋትና የበረዶውን ከረጢት ተሸክሞ በማእድ ቤቱ በር ገባ።

ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ሮስኮ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሳህን ቀርቧል፤ ጎመን፣ የዶሮ ጭንና የበቆሎ ዳቦ፣ እሱ የሚወደው የጠርዙ ቁራሽ። ቅቤው ገና አልቀለጠም። ኤርሊን ጭልፋውን እንደያዘች በሩን እያየች ነበር። የገባው ቨርነን ነው።

«ምን ነካህ አንተ ልጅ?» አሉ አጎት ሆሊስ ቀስ ብለው።

ቨርነን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ኤርሊን፣ እኔ... መውጫ ተዘግቶብኝ...»

«አበረድካት?» አለችው።

«አዎ። ዘፈኑ እስኪያልቅ።»

«ጥሩ።»

ተጠጋትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ቀን በስልክ ያልኩሽ ነገር፣ ኤርሊን፣ እንዴት እንደማፍርበት...»

«እሱም የጠየቀኝ ስለ እሷ ነው» አለች፣ ከሱ በቀር ማንም በማይሰማት ድምፅ። «አልጋው ላይ ሆኖ፣ እኔ እጁን ይዤው፣ ‹ጋራዡን ዘጋሽው?› አለኝ። ‹ከሷ ጋር ይቅበሩህ› አልኩት።» ጭልፋውን አስቀመጠች። «ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም።»

ቨርነን ከረጢቱን ገና አላስቀመጠም። በረዶው ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።

ኤርሊን ሌላ ሳህን አውርዳ ጎመንና ዶሮ አደረገችበትና በወዲያኛው ወንበር በኩል አኖረችው። «ያንተ እዚያ ነው፤ ብላ» አለችው። ከዚያ የሮስኮን ሳህን አነሳች። ፎይል ቀዳ ሸፈነችው፤ ጠርዙን ዙሪያውን በጣቷ እየተጫነች አጣበቀችው። ኦቭኑን ከፍታ አስገባችው፤ እንዳይደርቅበትም እሳቱን ዝቅ አደረገች።