ሃምሳ ሦስቱ መራጮች

ሀሪም አባቷ ከምርጫ ጣቢያው ማዶ በላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስታያቸው ምሳ ያመጡላት መሰላት። መንገዱን ተሻግራ ጭናቸው ላይ የነበረውን ከረጢት አነሳችው።

«አባባ፣ ይህን ያህል መንገድ ለእኔ ብለው መጡ?»

አቶ ኡም ዶክሱ ለእሷ ብለው አልመጡም። ልጃቸው የምትሠራበት ጣቢያ ድምፅ እንዳይሰርቅ ሊጠብቁ ነው የመጡት። ግን ጎህ ሳይቀድ ተነስተው የጠቀለሉትን ኪምባፕ፣ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ እንዲህ ደስ ብሏት ስታቅፈው ምን ይበሏት? በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሷም ይዛው ገባች።

አቶ ኡም «ድምፃችንን እንጠብቅ» የሚባል የስልክ ቡድን አባል ናቸው። ቡድኑ ሲጀመር የተራራ አበባ ፎቶና የጉልበት መድኃኒት ነበር የሚለዋወጠው። ከዚያ አንዱ፣ ለማወቅ ያህል ብቻ፣ ስለ ምርጫ አንድ ነገር ጠየቀ። ጥያቄው በማግስቱ ጥርጣሬ፣ በሳምንቱ ማስረጃ ሆነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊያምነው የሚከብደውን ነገር አራት መቶ ሰው ተጋግዞ በቀላሉ ያምነዋል።

ከዋናው የምርጫ ቀን አስቀድሞ ድምፅ በሚሰጥበት በዚህ በቅድሚያ ምርጫው የመጀመሪያ ቀን የአቶ ኡም ሥራ በበሩ የሚገባውን ሰው ሁሉ እየቆጠሩ በደብተር ላይ ሰረዝ ማስመር፣ ከዚያም ጣቢያው በየሰዓቱ ከሚለጥፈው ቁጥር ጋር ማመሳከር ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን ረሃቡ አላስቀምጥ አላቸው። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ምሳቸው ደግሞ ማዶ ተበልቷል። ከጀርባ ወዳለው ኑድል ቤት ገብተው አርባ ደቂቃ ቆዩ። የሰፈሩ ሠራተኛ ሁሉ የሚመርጠው በምሳ ሰዓቱ መሆኑ ትዝ አላላቸውም። ተመልሰው እንደ ደንቡ ለቡድኑ ጻፉ፤ ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም።

ሰባት ሰዓት ላይ የተለጠፈው ቁጥር ከደብተራቸው በሃምሳ ሦስት በለጠ።

የቡድኑ መሪ መምህር ናምጉንግ በጡረታ የተገለሉ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። እንዲህ ያለ ልዩነት በስህተት የሚፈጠረው ከአሥራ አንድ ሚሊዮን አንዴ መሆኑን በአሥር ደቂቃ ውስጥ አስልተው ላኩ። ፀጉር ቤት ያላቸው ወይዘሮ ማ ደግሞ ሃምሳ ሦስት ለሁለትም ለሦስትም እንደማይካፈል አስተዋሉ፤ ሆን ተብሎ ካልሆነ ማን እንዲህ ያለ ቁጥር ያገኛል? ሌላው ጧት በመኪና ሲያልፍ ያነሳውን ፎቶ ለጠፈ። አንዲት የምርጫ ሠራተኛ ሰፊ ኮፍያ ካደረገ ሽማግሌ ከረጢት ስትቀበል ይታያል። ከረጢቱ ከጀርባቸው በሚታየው የግድግዳ ጡብ ተለክቶ ልክ ሃምሳ ሦስት የድምፅ መስጫ ወረቀት እንደሚይዝ ተረጋገጠ። የሽማግሌው አቀማመጥም የስለላ ሥልጠና እንዳለው ያሳያል ተባለ። አቶ ኡም ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል።

ፎቶውን አጉልተው ሲያዩት ሰውዬው ለእሳቸውም አላማራቸውም፤ ኮፍያቸውን እስኪለዩት ድረስ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የልጅቷ ሙሉ ስም፣ የተማረችበት ትምህርት ቤትና የምትኖርበት ሕንፃ ቁጥር ወጣ። የእሳቸው ሕንፃ ነው። ነገ ጧት የጣቢያው በር ላይ እንገናኝ፣ ሌባ እንዴት እንደሚሸኝ ትየው የሚል መልእክት ተከተለ። ሁለት መቶ ሰው አውራ ጣቱን አነሳለት።

«አርበኛ ኡም» ሲሉ ጻፉ መምህሩ፣ «ፊት ለፊት ነበሩ። ሲቀባበሉ አይተዋል ወይስ አላዩም?»

አላየሁም ቢሉ ይበቃ ነበር፤ ከቡድኑም ሳይወጡ ይኖሩ ነበር። ልጅቷን ግን አያድናትም። በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፉ።

«ሽማግሌው እኔ ነኝ። ልጅቷ ልጄ ናት። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ኪምባፕ ነው። ሃምሳ ሦስቱ ሰዎች የገቡት እኔ ኑድል ስበላ ነው። ዋሽቻለሁ።»

ቡድኑ እንደ ልማዱ ማሰብ ጀመረ።

«አርበኛ ኡም እንዲህ አይጽፉም» አሉ መምህሩ። «ስልካቸው ተጠልፏል።»

«ኧረ ተገዝተው ነው እንጂ» አሉ ወይዘሮ ማ። «ከሩቅ ነበር የሚያስታውቁት እኮ!»

አንዱ ሁለቱንም አስታረቀ፤ መጀመሪያ ተገዙ፣ ቀጥሎ ስልካቸውን አስረከቡ። ኑድል የምን ምስጢራዊ ቃል እንደሆነ የሚመረምር ሰው ተመደበ። አቶ ኡም በድምፃቸው እየማሉ ቀርጸው ላኩ። ዘንድሮ ድምፅ በማሽን ይሠራል ተባሉ፤ ወዲያው ከቡድኑ ተሰረዙ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች በጣቢያው በር ቆመው የሀሪምን ስም እየጠሩ መቅረጽ ጀመሩ። አቶ ኡም ከሰዎቹ ፊት ቆመው አባቷ እኔ ነኝ አሉ፤ እሳቸውንም ቀረጿቸው። አራት ሰዓት ላይ የጣቢያው ኃላፊ ሀሪምን በጓሮ በር አስወጥቶ ወደ ቤቷ ላካትና በወንበሯ ሌላ ሠራተኛ አስቀመጠ።