መቅጃው ያልቀዳው ጣት

ከሁለቱ እህትማማቾች ታላቋ፣ መብረቅ የሚሏት፣ በድብድብ ቪዲዮ ጌም ማንም ያልደረሰበት አንድ ምት ነበራት። ሰባት ቁልፍ፣ አንድ ሴኮንድ በማይሞላ ጊዜ። አሰልጣኙ ምቱን የሚችል ሁለተኛ ተጫዋች ለቡድኑ ሲፈልግ መብረቅን ጠራና፣ "ታናሽ እህትሽን አስተምሪያት። ከሦስት ወር በኋላ እፈትናታለሁ። አንድ ጊዜ እንኳን ከመታችው ቦታው የእሷ ነው፤ ካልሆነ ከሌላ ክለብ አመጣለሁ" አላት።

መብረቅም እሺ ብላ፣ ብቻዋን በር ዘግታ ምቱን በጌሙ መለማመጃ መቅጃ ቀዳችላት።

"ሁሉም እዚህ አለልሽ። መቅጃው አንዲት ቁልፍ አያሳልፍም።"

ታናሿ ቀኑን ሙሉ ላውንደሪ ውስጥ ሸሚዝ ስትተኩስ ትውላለች። እንፋሎቱ ፊቷን ለብልቦት፣ ወገቧ ተቆርጦ ትመጣና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስክሪኑ ፊት ትቀመጣለች። ለእሷ የቡድኑ ቦታ ማለት ካውያን ደህና ሰንብት ማለት ነው። ቅጂውን ስትከፍተው ተዋጊው ምቱን እንደ ቀልድ ይመታዋል፤ የተነኩት ቁልፎችም በስክሪኑ ጠርዝ በተራ ይደረደራሉ። እሷ ስትሞክረው ግን ስድስተኛው ያመልጣታል። ሁልጊዜ ስድስተኛው! የቀኝ አውራ ጣቷ እስኪላጥ ሞከረች።

"እትዬ፣ ምኑን ነው የማበላሸው?"

"ተራውን አልሳትሽም፤ እጅሽ ነው የሚዘገየው" አለች መብረቅ ጥፍሯን እየሞረደች። "አይዞሽ፣ ቅጂውን ደግመሽ እይው።"

ደግማ አየችው። ምስኪን፣ መቶ ጊዜ አየችው። ማሽን አይዋሽም ይባላል። እውነት ነው፣ አይዋሽም፤ ያላየውን ግን ከየት አምጥቶ ይናገር? "ምቀኛ አታሳጣኝ" የሚል ሰው ደግሞ ምቀኛው ከእሱ ጋር አንድ አልጋ ላይ የማያድር ነው።

የፈተናው ቀን አሰልጣኙ፣ "መጀመሪያ አንቺ ምቺውና እህትሽ ትይ" ብሎ መብረቅን አስቀመጣት። እምቢ ልትል አፏን ከፈተች፤ ምክንያት አጣች። ታናሿ ከኋላዋ ቆማ የእህቷን እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ስድስተኛውን ቁልፍ የነካው የቀኝ አውራ ጣቷ አልነበረም። ግራ እጇ ቦታውን ለቅቆ በጆይስቲኩ ላይ ተሻገረ፣ በሌባ ጣቱ ጠቅ አደረገና ተመለሰ። መቅጃው የትኛው ቁልፍ መቼ እንደተነካ ያውቃል እንጂ በየትኛው ጣት እንደተነካ አያውቅም።

ተራዋ ሲደርስ ግራ እጇን ልታሻግር ታገለች። ሦስት ወር የሠለጠነው አውራ ጣት ግን እየቀደመ ሁሉንም አበላሸባት። ደገመች፤ ሠለሰች።

"በቃ፣ የኔ ልጅ" አለ አሰልጣኙ።

ኮሪደሩ ላይ እህቷን ክንዷን ያዘቻት።

"በግራ እጅ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቅጃው እኮ ጣት አይቀዳ..."

"መቅጃውን ተዪው! አንቺን ነው የምጠይቅሽ።"

መብረቅ ግድግዳ ግድግዳውን አየች። "አልጋው የሁለታችን፣ ልብሱ የሁለታችን፣ ጫማው እንኳን የሁለታችን ነው። አንድ ነገር የኔ ብቻ ይሁን አልኩ።"

"ቦታውን ባዳ ቢወስደው ይሻልሻል?"

"ይሻለኛል።"

ታናሿ ክንዷን ለቀቀቻት። ቦታውን ማጣቷ አንድ ነገር ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ በገዛ እጇ ስታፍር፣ እውነቱን የምታውቀው ሰው አጠገቧ ተኝታ "አይዞሽ" ስትላት መክረሟ ግን አንገበገባት። ከዚያ ወደ አውቶቡሱ አብረው ሄዱ፤ ሌላ ቤት የላቸውማ።