ገጽ የሚውጠው ተራኪ

ሶፋ ሠሪው በሰፈሩ ካሉት አንባቢዎች ሁሉ ይበልጣል። ይህን የሚለው ራሱ ቢሆንም እስከ ዛሬ አብለሃል ያለው ሰው የለም፤ ከሱ ጋር ለመከራከር ማን ጊዜ አለው! ምስማር በከንፈሩ ይዞ፣ መዶሻውን እያወዛወዘ ስለ መጻሕፍት ሲፈርድ የሶፋው ስፖንጅ እንኳ ጆሮ ያበቅላል። «የዳኛው ታሪክ ከነሽፋኑ ሳምንት ቢቀቀል አይበስልም። የመርከበኛው ጥሩ ነው፤ ግን ውኃ ያንሰዋል» ይላል። እሱ ያጣጣለው መጽሐፍ ዳግም ቀና ብሎ አይሄድም።

ሚስቱ ዓይኗን ኦፕራሲዮን ተደርጋ በፋሻ ከተሸፈነች ወዲህ፣ ከሥራ ሲመለስ አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሚያነብላት እሱ ነበር። ያቺን ሰዓት በዓለም ወርቅ አይለውጣትም። የሚያነበውም እንደ ማንም አልነበረም፤ ደራሲው የሰሰተውን እሱ አይሰስትም። ነፋስ በነፈሰበት ገጽ ማዕበል ያስነሣል፣ አንድ ሌባ በገባበት ቤት ሠራዊት ያስገባል። ጨፍኑ ላሞኛችሁ የሚባለው ይኸው ነው።

ታዲያ የሚስቱ ታናሽ እህት የድምፅ መጻሕፍት በስልክ ጭና አመጣችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጎርናና ድምፅ ያለው ሰውዬ በቤቱ ተቀመጠ፤ ያውም ሶፋ ሠሪው በገዛ እጁ በሠራው ሶፋ ላይ፣ በገዛ ሚስቱ ጆሮ ውስጥ!

«ምን እያለሽ ነው?» ይላታል ጎንበስ ብሎ።

«ዝም በል እስቲ፣ መርከቡ ሊነሣ ነው።»

ዝም በል! ሲወለድ እንኳ አዋላጇን በወሬ ያደከመ ሰው! ሶፋ ሠሪው የጎሪጥ ስልኩን አየው። ይህ ሰውዬ እንዲህ ድምፁን የሚያለሰልሰው ያለ ነገር አይደለም። ቆይ፣ የትኛው መርከብ? እሱ ራሱ ያነበበላት መርከበኛ እንዳይሆን ብቻ!

እሱው ነበር። ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቀለችና፣ «አንተ» አለችው፣ «መርከበኛው በሰላም ደረሰ እኮ! አንተ ስታነብልኝ መርከቡ ለሁለት ተሰንጥቆ አልነበረም? ወጥ ሠሪውስ ዓሣ ነባሪ አንቆ አልገደለም?»

የሱ ምላስ መቼም አይደርቅም። «ቆርጦታል! ገና ድምፁን ስሰማ ጠርጥሬው ነበር። ይሄ ሰውዬ ገጽ ይውጣል።»

«እህቴም መጽሐፉን አንብባዋለች። ዓሣ ነባሪ የሚባል የለም አለች።»

«ዋርሳዬ የያዘችው የቀጨጨውን ሕትመት ነው።»

ሌባ እናት ልጇን አታምንም፤ እሱም ተራኪውን ጠረጠረ፣ ዋርሳውን ጠረጠረ፣ ከሁሉ በላይ ግን የሚስቱን ዝምታ ጠረጠረ።

«እንግዲያው» አለች በመጨረሻ፣ «አዲሱን መጽሐፍ ጀምርልኝ። ሰውዬውን በአንድ ጆሮዬ፣ አንተን በሌላው እሰማለሁ። ማን እንደሚውጥ ይታያል።»

ሶፋ ሠሪው መጽሐፉን ገለጠ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈውን ብቻ አነበበ። «ሴትዮዋ በሩን ከፈተች። ማንም አልነበረም። በሩን ዘጋች።» ላቡ ባልዲ ይሞላል። ማንም አልነበረም! በሩ የተሠራው ታዲያ ለምንድን ነው? ቢሆንም ጥርሱን ነክሶ ዋጠው።

ሚስቱ አዛጋች። «ታመሃል እንዴ?»

«ምነው፣ ጎደለ?»

«አልጎደለም። ከሰውዬው ጋር ቃል በቃል ናችሁ። እንዲህ ከሆነማ ለምን ሁለት ሰው ይደክማል? እሱ ይበቃኛል፤ እሱ አያስልም። ሂድ እራትህን ብላ።» ሁለተኛውንም ማዳመጫ ልትሰካ እጇን ዘረጋች።

ሶፋ ሠሪው ያቺ ሰዓት ከእጁ ስታመልጥ አየ።

«ቆይ!» አለ። «በሩን ልትዘጋ ስትል ግን... አካፋ የሚያህል ጥፍር በስንጥቁ ገባ።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። «ሰውዬው ይሄን አላለም።»

«ሰውዬው ፈሪ ነው።»

የሰካችውንም ነቅላ ስልኩን ትራስ ሥር ከተተችው። «የማነው ጥፍሩ?»

ከፋሻው በታች ከንፈሯ ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰለው። ሳቅ ይሁን ወጥመድ አልለየለትም። ጠረጠራት፤ አጥብቆ ጠረጠራት። ቢሆንም ጠጋ ብሎ ተቀመጠና፣ ያላነበበውን ገጽ ገለጠ።