ሰባቱ ሁለት የሆነ ቀን

መልእክቱ ስልኳ ላይ ሲገባ ሾፌሯ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብላ ምሳዋን እየበላች ነበር። «ውድ ደንበኛችን፣ ከመጪው ወር መጀመሪያ አንስቶ በተንቀሳቃሽ ሂሳብዎ ላይ የሚታሰበው ዓመታዊ ወለድ ከሰባት በመቶ ወደ ሁለት በመቶ ዝቅ ማለቱን በአክብሮት እንገልጻለን» ይላል። አንዴ አነበበችው፣ ደገመችው። ከዚያ የጎረሰችውን እንኳ ሳትውጥ «እሰይ!» ብላ ስትጮህ በመስኮቱ ሥር የሚያልፍ ሰውዬ ደንግጦ ዞር አለ።

ሌላ ሰው ይህን ወሬ ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። የእሷ ግን ሌላ ነው።

ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው አውቶቡስ ስትነዳ ኖራለች። የሥራ ባልደረቦቿ «አራተኛ» ይሏታል፤ ስሙ ከአራተኛ ማርሽ የመጣ ነው። ስትናገርም፣ ስትራመድም፣ ስትስቅም ፍጥነት አትቀንስም። ባሏ ደግሞ ፍጹም ሌላ ሰው ነው። ዕድሜውን መድኃኒት ቤት ውስጥ ሽሮፕና ዱቄት ሲለካ ስለኖረ ቤትም ገብቶ መለካቱን አይተውም፤ የልብስ ሳሙናውን በማንኪያ፣ ቀልዱን እንኳ በጠብታ ነው የሚያወጣው። እሷ «ሚዛኔ» ትለዋለች። ይዋደዳሉ። የሚጋጩት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የራሳቸውን አውቶቡስ ለመግዛት ባጠራቀሙት ገንዘብ።

ገንዘቡ ከሞላ ሦስት ዓመት አልፎታል። ነገር ግን ባንኩ ደንበኛ ለመሳብ ብሎ፣ ሌሎች ባንኮች ሰባራ ሳንቲም በማይከፍሉበት በተንቀሳቃሽ ሂሳብ ላይ ሰባት በመቶ ወለድ መክፈል ጀመረ። ሚዛኔ ከዚህ ወለድ ጋር ፍቅር ያዘው።

«አትንኪው፣ እየወለደ እኮ ነው» ይላታል።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ወለደ! ከአራስ ቤት የሚወጣው መቼ ነው?» ትለዋለች።

እሱ ይስቃል፣ ገንዘቡም እዚያው ይከርማል። እሷ ግን አንድ ጡረተኛ ሾፌር ለሽያጭ ያቆመውን አውቶቡስ ከሥራ ስትመለስ ተደብቃ ታያለች።

ያን ቀን ሥራዋን እንደጨረሰች በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤቱ ገሰገሰች። ሚዛኔ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስልኩን ይዞ ቆሟል፤ የራሱን መራራ ሽሮፕ የጠጣ ይመስላል።

«አየሽ?»

«አየሁ!»

«ዘረፉን እኮ!»

«ምን ዘረፉን፣ ለቀቁን በል እንጂ! አሁን ምን ምክንያት አለህ?»

«ነገ በጠዋት የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ፊት ቆሜ እጠይቃለሁ» አለ፣ ጥያቄዋን እንዳልሰማ ሆኖ።

«አብረን እንቆማለን» አለችው።

በማግስቱ ባንኩ ጢም ብሎ ሞልቶ ደረሱ። ሁሉም ስልኩን እያወዛወዘ ይጮሃል። አንዲት ጡረተኛ መምህርት «ተማሪ ብትሆኑ ከክፍል አስወጣችሁ ነበር!» እያሉ ገንዘብ ከፋዩን ይቆጡታል። ሚዛኔ ሌሊቱን የጻፈውን የአቤቱታ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ተራው ሲደርስ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገባ፤ አራተኛም ተከተለችው።

ሥራ አስኪያጇ ድምጿ ለስለስ ያለ ወጣት ሴት ናት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ውሳኔው ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ነው። ግን አንድ አማራጭ አለ። ገንዘቡን በጊዜ ገደብ ካስቀመጡት ስድስት ተኩል እንከፍልዎታለን። ሦስት ዓመት እስኪሞላ ግን ማውጣት አይቻልም።»

የሚዛኔ ፊት በአንድ ጊዜ በራ። ቅጹ ፊቱ ተቀመጠ፣ እስክሪብቶው ከደረት ኪሱ ወጣ። አራተኛ ልትጮህ አስባ ነበር፤ የወጣው ድምፅ ግን እሷንም እስኪገርማት ድረስ ዝግ ያለ ነበር።

«ሚዛኔ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ስንት ዓመቴ ነው?»

«ሃምሳ አንድ።»

«ጉልበቴንስ የት ባንክ አስቀመጥከው? እሱ በመቶ ስንት እየወለደ ነው?»

እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። ሚዛኔ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ እጆቿን አየ። መሪ ሲያሻሽ የኖረው መዳፏ እንደ ጫማ ሶል ደድሯል። ሚዛኔ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«የዚያ ጡረተኛ ሾፌር አውቶቡስ እስከ ዛሬ አልተሸጠም አይደል?» አለ።

«አንተ የእሱን አውቶቡስ በምን አወቅህ? እኔ እንኳ የማየው ተደብቄ ነው!»

«ባለፈው ወር ብቻዬን ሄጄ የጎማዎቹን ጥርስ ለካሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ደህና ናቸው።»

አራተኛ ከወንበሯ ዘላ ተነሥታ ሥራ አስኪያጇ ፊት አቀፈችው። ሚዛኔ ከእቅፏ እንደወጣ ኮቱን አስተካክሎ «ሂሳቡን ስትዘጉት እስከ ዛሬዋ ቀን ያለውን ወለድ በሰባት አስቡልኝ፤ ወሩ ገና አልገባም» ሲል ሥራ አስኪያጇ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስቱ ከጡረተኛው ሽማግሌ ግቢ ደረሱ። አውቶቡሱ ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተላልጧል።

«ጋሼ፣ አንድ ዙር ላሽከርክረው?» አለች አራተኛ።

«አሽከርክሪው ልጄ፤ ወገቤ እንቢ አለኝ እንጂ ሞተሩስ ጎረምሳ ነው። በሩን ብቻ አደራ፣ አይገጥምም።»

ሽማግሌው ጋቢና ገቡ፤ ሚዛኔ በሩን በሁለት እጁ ጠፍሮ ያዘ። አራተኛ ፍሪሲዮን ረግጣ ማርሽ አስገባች። አውቶቡሱ አጓርቶ ተነሣ። ዳገቱን ሲያያዘው ሚዛኔ «ቀስ! ቀስ በይ!» እያለ ይጮሃል፣ እሷ በሳቅ ትንፈራፈራለች፣ ሽማግሌው «እንዲያ ነው! እንዲያ ነው!» እያሉ ጭናቸውን ይመታሉ።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ቅርጫት የያዘች ሴት እጇን አነሣች። አራተኛ እግሯ ሳታዝዘው ፍሬኑን ረገጠ።

«ወደ ገበያ ነው?» አለች ሴትዮዋ።

አራተኛና ሽማግሌው ተያዩ። መልሱን የሰጠው ግን በሩን የያዘው ሰውዬ ነው።

«ገበያ ነው! ግቢ እህቴ፣ ቅርጫቱን ወዲህ በይ!»

«ሰውዬ፣ ገና እኮ አልገዛኸውም!» አሉ ሽማግሌው እየሳቁ።

«ገዝቻለሁ! ጋሼ፣ ገዝቻለሁ!»

ክፍያው በዚያው ሳምንት አለቀ፤ በሩንም የሠፈር በያጅ ገጠመው። ሰኞ ማለዳ አራተኛ አውቶቡሱን መጀመሪያ ፌርማታ ላይ ስታቆም ሰው መሰለፍ ጀምሮ ነበር። ሚዛኔ ከመድኃኒት ቤቱ የአንድ ሰዓት ፈቃድ ወስዶ ከኋላዋ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጧል። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ የሚገባውን ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» ይላል።

ወንበሩ ሞላ፣ መተላለፊያው ሞላ። አራተኛ መስታወቷን አስተካከለች፣ ክላክሷን ሁለቴ ነፋችና ተነሣች። ባሏ ሥራ ቦታው አጠገብ ባለው ፌርማታ እንደሚወርድ ነግሯት ነበር። እዚያ ሲደርሱ በመስታወቱ አየችው፤ የሚያለቅስ ሕፃን ከእናቱ ተቀብሎ ታቅፎ በመስኮቱ መኪና ያሳየዋል።

«አትወርድም?» አለችው።

«ንጂ ዝም ብለሽ» አላት።