ቀጭን ሸክላ

ከመንግሥት ወረቀቱ የመጣ ዕለት ቆሜ አነበብሁት፤ ከዚያ ተቀምጬ አነበብሁት። 2009 ዓ.ም. ሐምሌ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የምንሠራ ሁሉ ከመስከረም ጀምሮ መብራት የሚቆጥብ ካልሆነ መሸጥ አንችልም ይላል። ሸክላው ቀጭን ይሁን፣ ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ ነገር ይኑረው፣ ሲግል ራሱ የሚያጠፋ ማብሪያ ይገጠምለት። ሌላም ብዙ ነበረው። እኔ ግን «ይታሸጋል» የሚለው ላይ ስደርስ ዓይኔ ሌላ ማየት እንቢ አለ።

ባሌ ከሞተ ወዲህ እንጅባራ ላይ ይህችን ሥራ የያዝሁት ብቻዬን ነው። ልጄ ምሕረት ባሕር ዳር ናት። ስትደውል ኔትወርኩ ይቆራረጥና ቀሪውን ቀን መኪና ገጭቷት ይሆናል እያልሁ እውላለሁ። ደጄን የሚረግጡ እትዬ የሻረግ ብቻ ናቸው። ከዘንገና በኩል ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክላቸውን በጋሪ ጭነው ይመጣሉ። ዕቃው እስኪራገፍ፣ እኔም እየነካካሁ እስክመርጥ፣ ቆሎ እየቆረጠምን ቀኑ ይጋመሳል። ሸክላቸው ወፍራም ነው፤ ቀጭን ከሆነ መንገድ ላይ ይሰበራል።

አልገዛዎትም ብላቸው ይረግሙኛል ብዬ ፈራሁ። በማሽን የተሠራ ቀጭን ሸክላ ከባሕር ዳር አስመጣሁና ለባለጋሪው ለእንግዳው፣ «አሞኛል፤ በዚህ ቅዳሜ አይምጡ በላቸው» አልሁት።

«ምንሽን ምሥራቅ?»

«እንዲያው... አሞኛል።»

ቅዳሜ ማንም አልመጣም። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሽቦውን ሸክላው ሥር በጀሶ ስለስን በሩ ተንኳኳ። እትዬ የሻረግ ናቸው፤ በእግራቸው፣ ከነጭቃቸው፣ እንቁላል በገለባ ይዘው። አሞኛል ማለት ኑ ጠይቁኝ ማለት መሆኑን እንዴት ረሳሁት?

«ወይ ጉድ! እኔ አልጋ ላይ ያለሽ መስሎኝ! እንዲህ የሚያወዛ ሕመም ከሆነ ለእኔም አጋቢብኝ እንጂ!»

ከዚያ የተደረደረውን ሸክላ አዩት። አንዱን አንስተው በጣታቸው አንኳኩ።

«ይህን ማን ሠራው?»

«ማሽን።»

ሁሉንም ነገርኋቸው። ወረቀቱንም አንብቢልኝ አሉ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ፣ ከማሸጉ ቀጥሎ እስከዚያ ቀን ያላየሁት መስመር መጣ፤ ልኩን ከጠበቀ ሸክላውን ማንም ቢሠራው ይፈቀዳል።

«እስቲ እዚያ ላይ ድገሚው።»

ደገምሁት።

«እና ቀጭን መሥራት ያቅተኛል መስሎሽ ነው? መንገድ ላይ እንዳይሰበር በጭድ እየለየሁ አመጣልሽ አልነበር?»

«ይቆጡኛል ብዬ ነው።»

«ስቆጣ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም።

«አሁንማ ለጥሊሊው ለቢሻው ቃሌን ሰጠሁ። እሱ ለእንጨት ምድጃ ወፍራሙን ይፈልጋል። ምሥራቅ ታማለች፣ አላስቸግራት ብዬ ነው። ከእንግዲህ ቅዳሜ እዚያ ነኝ።»

«ቃልዎን ማጠፍ አይችሉም?»

«ለሰው ከሰጡት በኋላ?»

ምሳ ይብሉ አልኋቸው። ከብቶቹን ለጎረቤት ጥዬ ነው አሉ። እንቁላሉን ብመልስላቸው፣ ለታመመ የወጣ ወደ ቤት አይገባም ብለው ገፉኝ።

ደጁ ላይ፣ ሸክላ ባይኖርም እንዲያው ይምጡ ልላቸው ነበር። ሥራ ፈትታ ሥራ ታስፈታኛለች ቢሉኝስ?

«ጭቃው ያዳልጣል፤ ቀስ ይበሉ» አልኋቸው።

«እሺ ልጄ» አሉና ሄዱ።